መብራት የማይጠይቁ ፈጠራዎች፦ የወባ መመርመሪያዋና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መድኃኒት እንዴት ይሠራሉ?

የሕክምና ፈጠራ ሲባል ቶሎ የሚታየን ትልቅ ማሽን ነው። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ተሂዶ፣ ወረፋ ተጠብቆ፣ ብር ተከፍሎ የሚገኝ ዓይነት። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ትንንሾቹ ነው። ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ጤና ኬላው ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኙት። መብራት አይፈልጉም። ፍሪጅ አይፈልጉም። ዶክተር አጠገባቸው መቆም የለበትም።

በእኔ እምነት ከባዱ ፈጠራ ይሄኛው ነው። ሁሉ በተሟላበት የሚሠራ ማሽን ብዙ አለ። ምንም በሌለበት የሚሠራ ዕቃ መፍጠር ግን ያስቸግራል። ዕቃው እንዲቀል ደግሞ የሚተው ነገር አለ፤ ክፍተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ያንን ክፍተት ባለሙያዋ ብቻ ሳትሆን ጣቱን የሚወጋው ሰውም ቢያውቀው ሕይወት ይተርፋል።

ከወባ መመርመሪያዋ ልጀምር። ባለሙያዎቹ «አርዲቲ» ይሏታል። ከጣት ብዙም የማትበልጥ ነጭ ፕላስቲክ ናት። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ለደሙ፣ ሌላ ቀዳዳ አብሯት ለሚመጣው ፈሳሽ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ መስመር የሚታይባት መስኮት አለቻት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ጣት በአልኮል ጠርጋ ትወጋና በትንሿ መቅጃ ደም ትወስዳለች። የምትወስደው 5 ማይክሮ ሊትር ነው፤ የአንድ ሚሊ ሊትር 200ኛ ክፍል። ደሙን በአንዱ ቀዳዳ፣ የፈሳሹን ጠብታ በሌላው ታደርግና ሰዓት ታያለች። 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ እንደ ኪቱ ዓይነት። በቃ።

ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ወረቀት መሰል ስስ ነገር ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ይሄም ፈሳሹን ከዳር ወደ ዳር ይስበዋል። የሚገፋ ሞተር የለም፣ ባትሪ የለም። ፈሳሹ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈነዳና በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ይዞ ይጓዛል።

መንገዱ ላይ የወርቅ ቅንጣቶች ይጠብቁታል። አዎ፣ ወርቅ። በዓይን የማይታይ፣ እጅግ የደቀቀ። ወርቅ እስከዚህ ድረስ ሲደቅ ቢጫነቱ ይቀርና ቀይ ይሆናል፤ ይሄ ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል። በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ አንቲቦዲ ተለጥፏል። አንቲቦዲ አንድን ነገር ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እዚህ የሚይዘው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በደም ውስጥ የሚለቀውን ኤችአርፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ፋልሲፓረም ገዳዩ የወባ ዓይነት ነው።

ፕሮቲኑ ካለ ከወርቁ ጋር ተያይዞ ይቀጥላል። ትንሽ ሄዶ ሌላ አንቲቦዲ በመስመር ተሰምሮ ያገኛል። እሱም ይይዘዋል። ወርቁ እዚያ ሲከማች ቀይ መስመር ይወጣል። ፕሮቲኑ ከሌለ ወርቁ ሳይያዝ ያልፋል፣ መስመር አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለተኛው መስመር የመቆጣጠሪያው ነው። እሱ ወባ ኖረም አልኖረም ወርቁን ራሱን ይይዛል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው አልሠራም ማለት ነው። ውጤቱ «የለም» ሳይሆን «እንደገና ይደረግ» ነው። የደበዘዘ መስመር ደግሞ መስመር ነው። «ትንሽ ወባ ናት» እየተባለ የሚታለፍ አይደለም።

የእርግዝና መመርመሪያውም፣ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫ እየተጠረገ የተደረገውም ፈጣን ምርመራ በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ለወባ የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተሕዋስ ያየው በእሱ ነው። ዛሬም ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ላይ ይሠራበታል፤ ጥሩ ነገሩ ተሕዋሱን ራሱን ማሳየቱ ነው፣ ስንት እንደሆነም ይቆጠርበታል። ግን የሠለጠነ ዓይን፣ ቀለምና ብርሃን ይፈልጋል። ጤና ኬላ ላይ እነዚህ አይሟሉም።

አሁን ወደ ክፍተቱ።

ይቺ መመርመሪያ ተሕዋሱን አታየውም። የምታየው የለቀቀውን ፕሮቲን ነው። ከዚህች አንዲት ነገር ሁለት ስህተት ይወለዳል።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። ኤችአርፒ-2 ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ጨርሶ የዳነ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመረመር መስመሩ ሊወጣ ይችላል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መደምደም አይገባም። በቅርቡ የወባ መድኃኒት ወስዳችሁ ከሆነ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ፤ ያኔ በማይክሮስኮፕ እንድትታዩ ይደረጋል።

ሁለተኛው ይከብዳል፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። አንዳንድ ፋልሲፓረሞች ኤችአርፒ-2ን የሚሠራው ዘረመል ጠፍቶባቸዋል። ፕሮቲኑን አይለቁም። ሰውየው ንዳዱ እያንቀጠቀጠው መስመሩ ባዶ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ተሕዋስ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ፔሩ ውስጥ ነበር። በኋላ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘ። በኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ የአማራ፣ የትግራይና የጋምቤላ አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። በዘረመሉ መጥፋት ምክንያት ብቻ መመርመሪያው 9.7 በመቶ የሚሆኑ የፋልሲፓረም ሕሙማንን ሊያልፋቸው እንደሚችል ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው ከ5 በመቶ ካለፈ ነው።

ነገሩ እንዲህ የተስፋፋው ለምን ይመስላችኋል? መመርመሪያዋ ራሷ ስለመረጠችው ነው። ዘረመሉ ያለው ተሕዋስ ይታያል፣ ሰውየው መድኃኒት ይወስዳል፣ ተሕዋሱ ይሞታል። ዘረመሉ የሌለው አይታይም፣ ሰውየው ፓራሲታሞል ይዞ ይመለሳል፣ ተሕዋሱ ደሙ ውስጥ ይቆያል፣ ትንኟ ትወስደዋለች፣ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። ዓመት ከዓመት የማይታየው ይበዛል። ይሄን ሁሉ ያደረገው የማንም ስንፍና አይደለም። ጥሩ መሣሪያ በብዛት ስለተሠራበት የመጣ ነው።

ይሄ ወሎን ምን አገባው? ከዋድላ፣ ከደላንታ፣ ከመቄት የሚወርደውን ወጣት አስቡት። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማና ሁመራ የሚሄደው ብዙ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሠራው ከላይ ከጠቀስኩት ድንበር አጠገብ ነው። ሲመለስ የሚገባው ደጋ ላይ ነው፤ ወባ በማይታሰብበት አገር። ወባ በተለምዶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች የሚታይ በሽታ ነው፤ ደሴ ከተማ እንኳ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ትኩሳት ሲመጣ ሰው የሚጠረጥረው ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ነው። ምርመራው ደግሞ ባዶ ከወጣ ጉዳዩ ይዘጋል።

ስለዚህ ትልቁን ሥራ የምትሠራው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «መተማ ነበርኩ።» ባለሙያዋ ባትጠይቅም ተናገሩ። መመርመሪያው ባዶ ወጥቶ ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ። «አብሽሪ፣ ወባ የለበትም» ተብላ ልጇን አዝላ የተመለሰች እናት፣ ልጁ ሲብስበት «የለበትም ተብያለሁ» ብላ ቤት እንዳትቀመጥ። ሳትውል ሳታድር ትመለስ። ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ ወይም መጠጣት ካቃተው አንዲት ሰዓትም አይጠበቅም።

መፍትሔውም ያለው ከዚያው ከመመርመሪያዋ ውስጥ ነው። ፒኤልዲኤች የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ። ተሕዋሱ ኃይል የሚያገኝበት ስለሆነ ጥሎት መኖር አይችልም። ተሕዋሱ ሲሞትም ቶሎ ከደም ይጠፋል። በእሱ የሚሠሩ ኪቶች አሉ። ተሕዋሱ ጥቂት ሲሆን ግን የማየት አቅማቸው ያንሳል።

ስለ ባቲ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ ከእስያ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ሲሆን በኋላ በተደረገ አሰሳ ባቲም ተገኝቷል። የሚራባው በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ከተማ ይወዳል። ዝናብ አይጠብቅም። ሰኞ ሰኞ ከአፋርም ከደጋውም ሰው ለሚጎርፍበት የባቲ ገበያ ይሄ ቀላል ዜና አይደለም። «በበጋ ደግሞ ምን ወባ አለ» የሚለውን ነገር ብንተወው ይሻላል።

የአገራችን ሁለተኛው ወባ ቫይቫክስ ነው። ለእሱ በመመርመሪያዋ ላይ ከቀደሙት ሁለት መስመሮች ሌላ የራሱ መስመር አለው። ክፋቱ ጉበት ውስጥ ተኝቶ መቆየቱ ነው። ደሙ ይጸዳል፣ ሰውየው ይድናል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትንኝ ሳይነክሰው እንደገና ያመዋል። ጉበት ውስጥ የተኛውን የትኛውም የደም ምርመራ አያሳይም። እሱን የሚገድለው ፕሪማኪን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ በተለምዶ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ስለሚለቅ ብዙ ሰው ያቋርጠዋል። አታቋርጡ። በትውልድ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ግን መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴላቸውን ሊያፈርስባቸው ይችላል። ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ቫይቫክስ ላይ ምርምር ማድረግም መከራ ነው። ፋልሲፓረምን ትሬገርና ጄንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ኒውዮርክ ውስጥ በብልቃጥ ማርባት ችለዋል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም ክትባቱም የሚሞከረው በዚያ ነው። ቫይቫክስ ግን ገና የተወለዱትን ቀይ የደም ሴሎች ብቻ ስለሚመርጥ እስካሁን በብልቃጥ እያባዙ ማቆየት አልተቻለም። ተመራማሪው ትኩስ ደም ከሕመምተኛ መውሰድ አለበት። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ሕሙማን ደም ለዓለም ትልቅ ነገር የሆነው። ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን ቀይ የደም ሴሉ ላይ የሌለው ሰው በቫይቫክስ አይያዝም ይባል ነበር። እዚህ ግን ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም ሲያዙ ታይቷል። በር ተዘግቷል ሲባል ተሕዋሱ ሌላ መግቢያ አግኝቷል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ እየተጠና ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ተኝቶ «ለጥናት ትንሽ ደም ትሰጣለህ?» ሲባል እሺ ያለ ገበሬ ለዚህ ዕውቀት ድርሻ አለው።

በሽታው ታወቀ እንበል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እንዴት ይግባ? ይሄ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያቅተው መድኃኒቱን ማግኘት ሳይሆን ትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ለትክክለኛው ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ኮአርተምን ውሰዱ። በውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። አርቲሜተር በሰዓታት ውስጥ ብዙውን ገድሎ ከሰውነት ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። ችግሩ ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ በደንብ ወደ ደም አለመግባቱ ነው። ቅባት ይፈልጋል። ስለዚህ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ ቀምሶ መዋጥ ነው። ሕፃን ልጅ ክኒን ስለማይውጥ ደግሞ በውኃ የሚሟሟና የሚጣፍጥ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ጨርሶ መዋጥ ላቃተውና ለሚያስታውከው ሕፃን በፊንጢጣ የሚሰጥ አርቴሱኔት የሚባል የወባ መድኃኒት አለ። የፊንጢጣ ግድግዳ ብዙ የደም ሥር ስላለው መድኃኒቱ ከዚያ ወደ ደም ይገባል። ይሄ ግን መንገድ ማሻገሪያ ብቻ ነው። ልጁ ነቃ፣ ትኩሳቱ በረደ ተብሎ ከመንገድ አይመለስም። ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ሙሉ ሕክምናው እዚያ ነው።

በመድኃኒት አወሳሰድ በኩል ግን እንደ ክንድ ውስጡ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያስደስተኝ የለም። ኢምፕላኖን የምትሉትን ማለቴ ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ዘንግ ነው። በውስጡ 68 ሚሊ ግራም ኢቶኖጀስትሬል የሚባል ሆርሞን አለ። ሦስት ዓመት ይሠራል።

68 ሚሊ ግራም በጣም ትንሽ ነው። ታዲያ እንዴት በአንድ ቀን ሳያልቅ ሦስት ዓመት ይቆያል? ሚስጥሩ ፕላስቲኩ ነው። ሆርሞኑ ከፕላስቲኩ ጋር ተደባልቆ መሃል ላይ ይቀመጣል። ዙሪያውን ሆርሞን የሌለበት የዚያው ፕላስቲክ ስስ ሽፋን አለው። ሆርሞኑ በዚያ ሽፋን ሞለኪውሎች መሃል እየተሹለከለከ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። ፍጥነቱን የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮ ግራም ይለቃል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ25 እስከ 30 ይደርሳል። ሰዓት የለው፣ ማብሪያ የለው። የእናትየውን ማስታወስም አይጠይቅም። ክኒን በየቀኑ ለመዋጥ ለሚቸገር፣ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ግማሽ ቀን በእግር ለሚጓዝ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሴቶቹ ያውቁታል።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ጁዳ ፎክማንና ዴቪድ ሎንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንዳንድ መድኃኒቶች በሲሊኮን ጎማ ውስጥ ቀስ ብለው እንደሚያልፉ አዩ። ከዚያ ተነስቶ ስድስት ዘንግ ያለው ኖርፕላንት ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ የፈቀደችው ፊንላንድ ናት። ስድስቱ ወደ አንድ ዝቅ ሲል ሥራው ቀለለ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኢምፕላኖን ማስገባት ሠልጥነዋል።

ማስገባቱ ቀላል፣ ማውጣቱ ግን የበለጠ ሙያ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለማስወጣት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ይሄ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል እላለሁ። ዘንጉን ያስገባች ሴት ስትፈልግ ማስወጣትም መቻል አለባት። ዘንጉ የሚቀመጠው ከቆዳ ሥር ብቻ ነው፤ በጣት ሲነካ ይገኛል። «ወደ ልብ ይሄዳል» ለሚለው ፍርሃት ጥሩው መልስ እሱ ነው፤ በየጊዜው ዳብሱት። ካጣችሁት ታዩ። የወር አበባ መዛባት የተለመደ ነው፤ መብዛትም፣ መቅረትም፣ ጠብ ጠብ ማለትም። ካርዱን አትጣሉ፣ የማስወጫው ቀን የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ኢንሱሊን እንዲህ አልታደለም። ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት ያፈጩታል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያው ታካሚ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በመርፌ የቀረው። ሙቀትም አይወድም። ፍሪጅ ለሌለው የቆላ ሰው ውጭው በውኃ የራሰ ሸክላ ይረዳል። ውኃው ሲተን ሸክላውን ያቀዘቅዘዋል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ ብልቃጡ ውኃ ሳይነካው ማስቀመጥ ነው።

ከትንንሾቹ ወጥቼ አንድ ማሽን ልጥቀስ፤ ምክንያቱም ከክንዱ ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ጂንኤክስፐርት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ያጸደቀው የቲቢ መመርመሪያ ነው። አክታው ካርትሬጅ በሚባል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ የባክቴሪያውን ዘረመል ያበዛል፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ሁለት መልስ ይሰጣል፦ ቲቢ አለ ወይ? ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት ተላምዷል ወይ? ድሮ ለሁለተኛው መልስ ሳምንታት ይጠበቅ ነበር። ግን መብራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኬላ አይወርድም፣ አክታው ወደ እሱ ይላካል።

ቲቢ ተገኝቶ መድኃኒት ሲጀመር ሪፋምፒሲን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ሆርሞኖችን በፍጥነት እንዲሰባብር ያደርጋል። ዘንጉ ክንድ ውስጥ በሰላም እየለቀቀ፣ የለቀቀው ሆርሞን ሥራውን ሳይሠራ ይሰበራል። ሴትየዋ ተጠብቄያለሁ ብላ ታረግዛለች። ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ክንዷ ላይ ኢምፕላኖን ያላት ሴት የቲቢ መድኃኒት ስትጀምር የቲቢ ክፍሉ ባይጠይቃትም ክንዷን አሳይታ ትናገር፤ ሕክምናውን በምትወስድበት ጊዜ ሁሉ፣ ከጨረሰች በኋላም ለአራት ሳምንት፣ ኮንዶም ወይም ባለሙያው የሚመርጥላትን ሌላ መከላከያ ትጠቀም።